የኦቨን በር መስታወት ላይ የደረቀ ቅባት፦ ሽቦውን አስቀምጪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «የኦቨኔ በር መስታወት ላይ ቡናማ ቅባት ደርቆ ተጣብቋል፤ በፈሳሽ ሳሙናም በኮምጣጤም ሞክሬ አልለቅ ብሎኛል፤ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ብፈትገው ችግር አለው?» ነው ያልሽው። ሦስት ሰዎች ደግሞ «ምንም አይልም፣ ፈትጊው» ብለው መልሰውልሻል። እኔንም እንደዚያ ብሎ የመከረኝ ሰው ነበር። ዛሬ ባገኘው የምለው አለኝ።

ሽቦውን አስቀምጪው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ትንሽ ይረዝማል።

«ወንድ ልጅ ኦቨን ውስጥ ምን ዶለው?» እንዳትዪኝ። ባለቤቴ ለሥራ ሁለት ሳምንት ሄዳ ነበር። ስትመለስ ደስ ይበላት ብዬ ኩሽናውን እንዳለ ላጸዳ ተነሳሁ። ማቀዝቀዣው አለቀ። ማይክሮዌቩም አለቀ። (እሱ እኮ ቀላል ነው። አንድ ሳህን ውሃ ላይ ሎሚ ጨምቀሽ አምስት ደቂቃ ማፍላት፣ ከዚያ በሩን ሳይከፍቱ ትንሽ መተው ነው። እንፋሎቱ ያለሰልሰዋል፣ በጨርቅ ይነሳል። ውሃው ውስጥ የእንጨት ማንኪያ ጣል ማድረግ ግን አትርሺ፤ ማይክሮዌቭ ውስጥ ውሃ ሳይንተከተክ ከልክ በላይ ይግልና ስታነሺው ድንገት ይገነፍላል።) ጉዱ የመጣው ኦቨኑ ላይ ስደርስ ነው።

መስታወቱ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ሦስት ቡናማ መስመሮች ነበሩ። ግድግዳ ሲቀባ ቀለም ተንጠባጥቦ እንደሚደርቀው ዓይነት። በሳሙና አሸኋቸው፣ ዝም። ኮምጣጤ ረጨሁ፣ ዝም። ከዚያ እልህ ያዘኝ። ሽቦ አመጣሁና ክንዴ እስኪዝል አንድ ሰዓት ያህል ፈተግኩ። ሌላው ቦታ ሁሉ ብልጭ አለ። ሦስቱ መስመሮች ግን እዚያው ናቸው። የሚያሾፉብኝ ነው የመሰለኝ።

በመጨረሻ በስልኬ መብራት ከጎን ሳየው ምን ባገኝ ጥሩ ነው? መስመሮቹ እኔ ባለሁበት በኩል አልነበሩም! የኦቨን በር መስታወት አንድ አይደለም። ሁለት ነው፣ አንዳንዱ ሦስትም አራትም አለው። በመካከላቸው ክፍተት አለ። ቅባቱ በበሩ ጠርዝ በኩል ሰርጎ በመካከል ነው የወረደው። አንድ ሰዓት ሙሉ ስፈትግ የነበረው ንጹሕ መስታወት ነው።

ያንቺም እንደዚያ ይመስለኛል። «በሳሙናም በኮምጣጤም ፍንክች አላለም» ስትዪ ጠርጥሬያለሁ። እንግዲህ በቅደም ተከተል ልጻፍልሽ።

1. መጀመሪያ እድፉ የት እንዳለ እወቂ። ኦቨኑ ቀዝቅዞ ሳለ ጥፍርሽን መስታወቱ ላይ አስኪጂው። እድፉ ጋ ሲደርስ ከተደናቀፈ በዚህ በኩል ነው። ምንም ሳይሰማሽ ካለፈ መካከል ላይ ነው ያለው። እዚያ ላይ ዓመት ብትፈትጊ አይነሳም።

2. ሽቦ፣ የሚፍቅ ዱቄት፣ ቢላ፣ ምላጭ በሩ አጠገብ አይድረስ። «የስቶቩ መስታወት በምላጭ ይፋቅ የለ?» ትዪ ይሆናል። እሱ ሌላ ዘር ነው፤ ግላስ ሴራሚክ ይባላል፣ ለእሱ የተሠራ መፋቂያም አለው። የኦቨን በር መስታወት ግን ሲሠራ በደንብ ግሎ ፊቱ በአየር በድንገት እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። ፊቱ ታምቆ፣ ውስጡ ተወጥሮ ይቀራል። ጥንካሬው ከዚያ ነው የመጣው። ጣጣውም ከዚያው ነው። የታመቀውን ፊት በሽቦ ስትጭሪው ቦታው ይደክማል። ከዚያ አንድ ቀን ሙቀት ሲመጣ ወይም በሩ ጠበቅ ብሎ ሲዘጋ፣ ጭረቷ ወደ ውስጥ ትዘልቅና ያ ሁሉ ውጥረት በአንዴ ይለቃል።

ተንኮሉ ደግሞ የዚያኑ ዕለት አለመፈንዳቱ ነው። ባለቤቴ መጣች፣ ደስ አላት፣ አመሰገነችኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ከረምኩ። ሁለት ወር ገደማ አለፈ። አንድ እሑድ ኬክ ኦቨን ውስጥ ከትታ ሳሎን ተቀምጠን «ዷ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ጋዝ የፈነዳ መስሎኝ ነው የሮጥኩት። የውስጠኛው መስታወት እንዳለ ረግፏል። ወለሉ ላይ እንደ በረዶ ጠጠር ተበትኗል፣ ኬኩ ላይ ሳይቀር። የወደቁት ቁርጥራጮች ራሳቸው ለተወሰነ ጊዜ ጠቅ ጠቅ እያሉ ይሰነጠቁ ነበር። ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን ነው። ባለቤቴ ኬኩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ «በምን ነበር ያጸዳኸው?» አለች። ሴት ልጅ እንዴት እንደምታውቅ አላውቅም።

ዋስትናው ገና አላለቀም ነበር። ስለዚህ በሰላም የሚያልቅ መስሎኝ ወደ ሻጩ የደንበኞች አገልግሎት ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን «ደረሰኝ ይዘው ይምጡ» ተባልኩ። ይዤ ሄድኩ። ሁለተኛው ቀን ኃላፊው ምሳ ወጥቷል። ምሳ እስከ አስር ሰዓት ድረስ ነው እንዴ? ሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት መስኮት ላይ አገኘሁ። «ፋዘር፣ ምን ልርዳዎት?» አለኝ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው! ዋጥ አድርጌ አለፍኩት።

ቅጽ አወጣ። የሞዴል ቁጥር ጠየቀኝ። የተሰበረበትን ቀን ጠየቀኝ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ እንዲሁ የጨዋታ በሚመስል ድምፅ፣ «በነገራችን ላይ በምንድነው የምታጸዱት?» አለ። እኔ ደግሞ ሞኝ አይደለሁ? ዕቃ የሚይዝ ሰው መሆኔን ላሳየው ብዬ «ኧረ በደንብ ነው የምናጸዳው! በሽቦ ፈትጌ ፈትጌ መስታወት አስመስዬው ነበር» አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከመሳቢያው መመሪያውን አወጣና አንድ ገጽ ገልጦ በጣቱ እየተከተለ፣ ማንበብ ለማይችል ሰው እንደሚነበበው፣ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። የበሩን መስታወት በሚፍቅ ማጽጃ ወይም በስለታም ብረት አታጽዱ፣ ይጫራል፣ መስታወቱም ሊሰባበር ይችላል ይላል። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። ሁሉም ሰማ።

እውነቱን ለመናገር መመሪያው ቤት ነበረ፤ ከነፌስታሉ፣ ሳይከፈት። ቢሆንስ ሰው እንደዚያ ይዋረዳል? መስታወቱን ከኪሴ ከፈልኩ። ዕቃው እስኪመጣ ስድስት ሳምንት በሩ በካርቶን ተሸፍኖ ቆየ። ባለቤቴ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ካርቶኑን ታስጎበኝ ነበር።

የት ደረስኩ? አዎ፣ ማጽጃው።

3. ከዚያ ሁሉ ሰው ሰው የሆነው መስታወቱን ሊገጥም የመጣው ቴክኒሻን ብቻ ነው። አሁን የምነግርሽን በሙሉ እሱ ነው ያስተማረኝ፣ እኔ ደግሞ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ። «ጉልበትህን ተወው፣ ሌሊቱ ይሥራልህ» ነበር ያለኝ።

ያ ቡናማ ነገር ተራ ቅባት አይደለም። ዘይት ደጋግሞ ሲግል ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ እርስ በርሱ ይተሳሰርና እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል። ስለዚህ ፈሳሽ ሳሙና ብቻውን አያነሳውም። ኮምጣጤም አያነሳውም፤ ኮምጣጤ አሲድ ነው፣ ጉልበቱ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ለሚጋገር ነጭ የኖራ ቅርፊት ነው። ለቅባት የአሲድ ተቃራኒ ነው የሚያስፈልገው። ቤኪንግ ሶዳ ማለት ነው።

ግማሽ ኩባያ ቤኪንግ ሶዳ ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃና ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና አድርጊበት። እንደ ጥርስ ሳሙና እስኪወፍር በጥብጪው። በሩን ወደ ታች ክፈቺውና ጠፍጣፋ ሆኖ ሳለ እድፉ ላይ ወፈር አድርገሽ ቀቢው። እዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ያውቃል። ሰው የማያውቀው ቀጥሎ ያለውን ነው፦ ላዩ ላይ ስስ ፕላስቲክ አልብሺው። ሶዳው ከደረቀ ሥራ ያቆማል፤ የሚሠራው እርጥብ ሆኖ እስከቆየ ብቻ ነው። እኔ መጀመሪያ ሳልሸፍነው ትቼው ጠዋት ላይ ያገኘሁት የኖራ ግድግዳ ነው። ከነእድፉ።

አስራ ሁለት ሰዓት ተይው። ማታ ቀብቶ መተኛት ነው። ጠዋት ፕላስቲኩን ስታነሺ ነጩ ሶዳ ቡናማ ሆኖ ታገኚዋለሽ። እሱን ሳይ የሚሰማኝን ደስታ ለሰው መንገር አፍራለሁ። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው። የቀረ ካለ ጊዜው ባለፈበት የፕላስቲክ ካርድ፣ አስተኝተሽ ይዘሽ፣ ገፋ ገፋ አድርጊው። እንደ ሻማ ቅርፊት እየተጠቀለለ ይነሳል። ካልተነሳ ዛሬ ማታም ድገሚው። የእኔ አሮጌ መጋገሪያ ትሪ ሦስት ሌሊት ፈጅቷል።

ኮምጣጤና ሶዳ አንድ ላይ ቀላቅዪ ያሉሽን አትስሚ። አረፋው ሲንፎለፎል ደስ ይላል፣ ነገር ግን አንዱ ሌላውን እያጠፋው ነው። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ሲያልቅ የሚቀርሽ ጨዋማ ውሃ ነው። ሶዳው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ የቀረውን ነጭ ዱቄት ለማንሳት ኮምጣጤ ብትረጪ ግን ጥሩ ነው። በረኪና ደግሞ ከኮምጣጤ ጋር በፍጹም እንዳይገናኝ፤ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው፣ ሳንባ የሚያቃጥል።

ኃይለኛው የኦቨን ማጽጃስ ካልሽኝ፣ ይሠራል። ኮስቲክ ሶዳ ነው አብዛኛው። ግን ጓንት፣ የተከፈተ መስኮት፣ ቀዝቃዛ ኦቨን ይፈልጋል። አሉሚኒየም ከነካ ይበላዋል። አዲሱ መስታወት ከገባ በኋላ ትዕግሥት አጥቼ አንዴ ረጭቼው የበሩ ጌጥ ላይ የግራጫ ነጠብጣብ ቀርቶልኛል። አሁን እዚያ ላይ ፎጣ ሰቅለናል። የፎጣውን ምክንያት ባለቤቴ አታውቅም።

የኦቨንሽ የውስጥ ግድግዳ ግራጫና ሻካራ ከሆነ እዚያ ላይ ሶዳም አትቀቢ። እሱ በሙቀት ራሱን የሚያጸዳ ሽፋን ነው፤ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። የማሞቂያ ሽቦውንና ፋኑንም እንዳይነካ ተጠንቀቂ።

4. መካከል ላይ ከሆነ። ሶኬቱን ንቀዪ ወይም ብሬከሩን አውርጂ። በብዙ ኦቨኖች የበሩ አናት ላይ በሁለት ጎን በክሊፕ የተያዘ ቁራጭ አለ። ሁለቱን ክሊፖች ስትጫኚ ይነሳል፣ ከዚያ የውስጠኛው መስታወት ወደ ላይ ተስቦ ይወጣል። በብሎን የተያዘም አለ፣ መመሪያሽን እዪ (የእኔን አይነት ሰው አትሁኚ፣ ክፈቺው)። መስታወቱን ከመንካትሽ በፊት የበሩን ማጠፊያዎች ቆልፊያቸው፤ ትንሽ ምላስ የምትመስል ብረት አለቻቸው፣ ወደ ፊት ትገለበጣለች። ሳትቆልፊ መስታወቱን ካወጣሽ በሩ ይቀልና ስፕሪንጉ ያስፈነጥረዋል። ቴክኒሻኑ የራሱን አውራ ጣት አሳይቶኛል። ጥፍር የለውም።

መስታወቱን ፎጣ ላይ አስተኚው። የትኛው ፊት ወደ ላይ እንደነበረ ሳታወጪው በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ አንዳንዱ በአንድ በኩል ሙቀት የሚመልስ ሽፋን አለው፣ ተገልብጦ መግባት የለበትም። ከዚያ በለስላሳ ስፖንጅ ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ፣ ካስፈለገ ያንኑ ሶዳ። በደንብ አድርቀሽ መልሺው፤ እርጥበት ከቀረ ውስጡ ጉም ይሠራል። ቴክኒሻኑ አራት ደቂቃ ነው የፈጀበት። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብኝ፣ አሁን አስር ላይ ነኝ። ባለፈው የባለቤቴ እህት መጥታ «አዲስ ኦቨን ገዛችሁ?» አለች። ቀና ብዬ ባለቤቴን አየኋት። «ካርቶኑን አነሳነው» አለቻት።

የስቴንለስ ስቲሉን እጀታ ስለጠየቅሽው፣ እዚያም ሽቦ የለም። የብረት ብናኝ ይቀርበትና እሱ ይዝጋል። በጨርቅ፣ መስመሩን ተከትለሽ።

በይ አሁን ተነሺና ጥፍርሽን አስኪጂበት። ካልተደናቀፈ የኦቨኑን ሞዴል ጻፊልኝ፣ በክሊፕ ይሁን በብሎን አብረን እናያለን።