"አልገዛም" ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ እንዴት ናችሁ፣ ሰላሳ ምናምን አመት ታሪክ ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሶሻል ሚዲያ ላይ "ቦይኮት እናድርግ" ስትባባሉ ሳይ ደስም ይለኛል ስጋትም ይገባኛል፣ ስለዚህ እስቲ የህንዶቹን ላጫውታችሁ። አዲስ አበባ ካደጋችሁት ስንቶቻችሁ ጋንዲ ሆስፒታል ተወልዳችኋል፣ ሆስፒታሉ የተሰየመለት የህንዶቹ የነጻነት መሪ የሰራውን ግን ማወቅ አለባችሁ።

በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ስር የነበሩት ህንዶች የእንግሊዝ ጨርቅ አንለብስም ሲሉ ታዲያ ምን እንልበስ የሚለውንም አብረው አስበውበታል። በ1921 (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቦምቤይ ላይ የውጭ ጨርቅ ከምረው ሲያቃጥሉ በየቤቱ ደግሞ ቻርካ የሚሉት የመፍተያ መዘውር ይሽከረከር ነበር፣ ለንደን ህግ የተማረው ጋንዲ ራሱ ቁጭ ብሎ ጥጥ ይፈትል ነበር እኮ! የምትተኩበት ሳይኖራችሁ የጀመራችሁት ቦይኮት ሳምንት አይዘልቅም።

ደግሞ ማቆምም አለ። በፌብሩዋሪ 1922 ቻውሪ ቻውራ የምትባል ቦታ የተቆጣ ህዝብ ፖሊስ ጣቢያ አቃጥሎ 22 ፖሊሶች ሞቱ፣ ጋንዲም በመላ ሀገሩ የተቀጣጠለውን ንቅናቄ አስቆመው። እስር ቤት የነበረው የትግል አጋሩ ኔህሩ እንኳን በጣም ነው የከፋው። እኔም በወጣትነቴ ይሄን ሳነብ ተናድጄበት ነበር፣ አሁን ግን ህዝቡ ለሰላማዊ ትግል ገና አልተዘጋጀም ማለቱ ልክ ነበር እላለሁ።

ምክንያቱም ከስምንት አመት በኋላ የሆነውን እዩ። በ1930 ጋንዲ 78 ሰው አስከትሎ ከሳባርማቲ እስከ ዳንዲ ባህር ዳርቻ 24 ቀን በእግሩ ሄዶ የእንግሊዞችን የጨው ግብር አልከፍልም ብሎ ጨው አነሳ። ከዛ እሱ ሲታሰር ሳሮጂኒ ናይዱ የምትባል ገጣሚ ወደ 2500 ሰው ይዛ ዳራሳና ጨው ማምረቻ ሄደች፣ ስትመቱ እጃችሁን እንኳን አንስታችሁ እንዳትከላከሉ ብላ አስጠነቀቀች። ነጭ የለበሱ ሰዎች በሰልፍ ይጠጋሉ፣ ፖሊስ ብረት በተገጠመለት ዱላ ጭንቅላታቸውን ይላቸዋል፣ ይወድቃሉ፣ በቃሬዛ ይነሳሉ፣ ሌላው ሰልፍ ይተካል። እጁን ያነሳ የለም። ይሄ በአንድ ቀን ቁጣ የሚመጣ አይደለም ልጆቼ፣ አመታት የተለማመዱት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጥላቻ አታስገቡበት። በ1931 ጋንዲ እንግሊዝ ሲሄድ ላንክሻየር ድረስ ወርዶ በዚሁ ቦይኮት ምክንያት ስራ ያጡትን የጨርቅ ፋብሪካ ሰራተኞች አገኛቸው። እዛው ዳርወን የምትባል ከተማ የተነሱት ፎቶ አለ፣ ፈልጋችሁ እዩት፣ ያቺን ነጠላውን እንደተከናነበ መሀል ቆሞ የፋብሪካው ሴቶች ከበውት እየሳቁ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተዋል።