የታመመችውን ልጅ አስተርጓሚ አታድርጓት

ማታ በአድሚን በኩል ስሟን ሳትገልጽ ለጠየቀችው እህት ነው። ጥያቄውን ላላያችሁት፦ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። የ15 ዓመት ልጇ ራሷን የመጉዳት ሐሳብ እንዳላት ለትምህርት ቤቱ ካውንስለር ነግራ ኢመርጀንሲ ወስደዋታል። አሁን «የአእምሮ ሕክምና ክፍል መተኛት አለባት፣ ፈርሚ» እያሏት ነው። ልፈርም ወይ? ልጄን ይወስዱብኛል ወይ? የቤት ምግብስ ይገባል ወይ? ለዘመድስ ምን ልበል? ብላለች።

እህቴ አይዞሽ። እኔም እዚያው ቨርጂኒያ በዚሁ በር ገብቼ ወጥቻለሁ። የእኔ ልጅ ወንድ ነው፣ ያኔ እሱም 15 ዓመቱ ነበር። ኮሜንት ላይ «ፈርመሽ እንዳታሳስሪያት» የሚሉሽን እለፊያቸው። አንዳቸውም እዚያ ወንበር ላይ አላደሩም።

1. ፈርሚ። ቨርጂኒያ ውስጥ ልጅ 14 ዓመት ከሞላው ወላጁም ልጁም አብረው ነው የሚፈርሙት። እሷ እምቢ ብትል እንኳ በአንቺ ፊርማ እስከ 120 ሰዓት ሊያቆዩዋት ይችላሉ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ጠበቃም ይቆምላታል። አንቺ እምቢ ካልሽ፣ እነሱም አደጋ አለ ብለው ካመኑ ግን ማጅስትሬት የሚባለው የፍርድ ባለሥልጣን በግዴታ እንድትተኛ ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል። ያኔ የት ትተኛ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም። አልጋ በተገኘበት ነው፣ ለዚያውም ብዙ ጊዜ በፖሊስ መኪና። ግዛቱ ለልጆች ብቻ ያለው የመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታል ስታንተን ነው ያለው፤ ዲሲ አጠገብ ካለችው አሌክሳንድሪያ ከሁለት ሰዓት በላይ መንዳት ነው። ይወስዱብኛል ላልሽው፣ ልጅሽን ስላሳከምሽ ማንም አይወስድብሽም። ጥያቄ የሚያስነሳው አላሳክምም ማለት ነው።

2. አስተርጓሚ ጠይቂ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህችን አትርሺ።

ኢመርጀንሲ የገባን ማታ ሐኪሙ ይጠይቃል፣ ልጄ ይተረጉማል። እኔ ለሥራዬ የሚሆን እንግሊዝኛ አለኝ። ሆቴል ነው የምሠራው፤ ፎጣ ጎደለኝ፣ ቼክ አውት ስንት ሰዓት ነው ላለኝ እመልሳለሁ። የሐኪም እንግሊዝኛ ግን ሌላ ነው። ሐኪሙ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ልጄ አንገቱን ደፍቶ «ምግብ በደንብ ይበላል ወይ እያለሽ ነው» አለኝ። «ኧረ ይበላል፣ ክትፎ እኮ ነፍሱ ነው» አልኩ። እሱ ወደ ሐኪሙ ዞሮ «ኖ» አለ። በቃ፣ አንዲት ቃል። ሐኪሙም ጻፈ።

ሰውዬው የጠየቀኝ ልጄ ከዚህ በፊት ሞክሮ ያውቅ እንደሆነ ነበር። ሞክሮ ነበር። ልጄ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ እናቱን አዝኖላት ነው።

ላይ ክፍሉ ከገባን በኋላ አስተርጓሚ አምጡልኝ አልኩ። መውጫና መግቢያውን የምትጽፈው ሴትዮ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሣ «ልጅሽ እንግሊዝኛ ይችላል እኮ» አለችኝ። ታካሚው እሱ ነው አልኳት። «ታዲያ ያ ትንሹ አይችልም?» ብላ በአገጯ ወንድሙን አሳየችኝ። አምስተኛ ክፍል ነው! ሻንጣውን እንኳ ከጀርባው አላወረደም። ደሜ ፈላ። ስልኬን አወጣሁና ሥራ ቦታ ላለች አንዲት ጎበዝ እህት ደወልኩ። እሷ ያለችኝን ነው አሁን ለአንቺ የምሰጥሽ፤ ቃል በቃል በይው፦ «ኳሊፋይድ ሜዲካል ኢንተርፕሪተር (ብቁ የሕክምና አስተርጓሚ) እፈልጋለሁ። አናቀርብም ካላችሁ አናቀርብም ማለታችሁን ፋይሉ ላይ ጻፉልኝ።» ጻፉልኝ የምትለዋ ናት ሥራ የምትሠራው። ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ብዙም ሳይቆይ ከሩቅ አስተርጓሚ የሚያገናኝ ጎማ ያለው ስክሪን እየገፉ መጡ።

ውለታ አይደለም የሚሠሩልሽ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ኦባማኬር በሚባለው የጤና ሕግ ክፍል 1557 መሠረት አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ለሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ነገር ተፈጥሮ አስተርጓሚ ወዲያው ካልጠፋ በቀር ሕፃን ልጅን ማስተርጎም አይፈቀድለትም። ካንገራገሩ ፔሸንት አድቮኬት የሚባል ለታካሚ መብት የሚቆም ክፍል አላቸው፣ እሱን ጥሪልኝ በይ።

ያገሬ ሰው ጉዴን ሰማ ብለሽ ደግሞ እንዳትፈሪ። አስተርጓሚዎቹ ስማቸውን ሳይሆን ቁጥራቸውን ነው የሚናገሩት፤ ምስጢር መጠበቅም ግዴታቸው ነው። የእኔዋ አነጋገሯ የጎጃም ነው፤ ዛሬ መንገድ ላይ ባገኛት አላውቃትም። ከመጀመሪያ ጀምራችሁ እንደገና ጠይቁኝ አልኩ። ያቺ የማታዋ ጥያቄ በአማርኛ ስትመጣ ክፍሉ ዞረብኝ። ልጄ ጎኔ ተቀምጦ ነበር፣ እጄን ያዘ። ከዚያ ራሱ ለክፍሉ ሐኪም ነገራት።

እና ምን ተለወጠ ብትዪ፣ ዓርብ ሊያስወጡት የነበረውን አቆዩት። ኢንሹራንሱ «ከዚህ በኋላ አልከፍልም» ሲል ሐኪሟ ራሷ ደውላ ተከራከረችልኝ። ለአንቺም እንዲህ ካሉሽ አስቸኳይ ይግባኝ አለ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። በስንት አገር ዞሬ ልጅ ያሳደግኩ ሰው ነኝ፤ ወረቀት አያሸንፈኝም።

3. መድኃኒት ይጀምሩላት ይሆናል። ፀረ ድብርት ኪኒኖች ላይ በፈረንጅ ከ2004 ጀምሮ ኤፍዲኤ (የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ) ያስለጠፈው ማስጠንቀቂያ አለ። ልጆችና ወጣቶች ላይ መጀመሪያ አካባቢና መጠኑ ሲቀየር ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊጨምር ይችላልና በቅርብ ተከታተሉ ይላል። ተከታተሉ ነው እንጂ አትስጡ አይልም። ይህንንም በአስተርጓሚ አስረጂኝ በያቸው። እስኪሠራ ሳምንታት ይፈጃል፣ በራስሽ እንዳታቋርጪው። ጠበሉን አልቃወምም፣ እኔም ወስጄዋለሁ፤ ኪኒኑን ሳላቋርጥ ነው።

ቁጥሩን ልተወው፣ ነገሩ ተያያዘ። የቀጠሮ ወረቀት ሳትይዢ አትውጪ። በሰባት ቀን ውስጥ የሚያያት ሰው ስምና ሰዓት ይጻፍ። ቀን ቀን ታክማ ማታ ቤቷ የምታድርበት ፕሮግራምም አለ፣ ጠይቂ። ከመምጣቷ በፊት ቤት ውስጥ ያለውን ኪኒን ሁሉ ቆልፊበት፣ የአያትየዋን የደም ግፊት መድኃኒት ጭምር። መሣሪያ ካለ ከቤት ይውጣ። ሌሊት ከጨነቀሽ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሲመጣ የሚደወልበት የእርዳታ መስመር አለ፣ 988 ደውለሽ «አምሃሪክ» በይ፣ አስተርጓሚ ያገናኙሻል። ትምህርት ቤቱን የጤና ችግር ላለባቸው ተማሪዎች በወጣው ሕግ፣ በሴክሽን 504፣ ድጋፍ አድርጉላት ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ፤ በቃል ያልሽውን ማንም አያስታውሰውም።

ለዘመድ ምን ልበል ላልሽው፣ እኔ «ታሟል፣ ሆስፒታል ነው» ብዬ ዘጋሁት። ምኑን ያለኝን ሁሉ ስለ ልጁ ትምህርት ጠየቅኩት።

ምግቡን የክፍሉን ነርስ ጠይቂ፣ እንደየሆስፒታሉ ነው። እኛ ጋ በጉብኝት ሰዓት ይፈቀድ ነበር፤ ብርጭቆና ብረት ግን አይገባም፣ የተረፈውም ይዘሽው ትወጫለሽ። ሽሮውን በፕላስቲክ አድርጊ። ልብስ ስትወስጂ ገመድ ያለው ሹራብና ክር ያለው ጫማ ተዪ፣ በር ላይ ይመልሱብሻል። ስልኳንም ይይዙባታል፤ የምትደውልልሽ በክፍሉ ስልክ ስለሆነ የማታውቂው ቁጥር ሲደወል አንሺ።