«ጭንቀት ነው» ተብለሽ ለተሸኘሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነበው የራሴ ታሪክ ነው የመሰለኝ። ማታ ማታ ልብሽ ይደልቃል፣ ደረትሽን ጨምደድ ያደርግሻል፣ ግፊትሽ 150 በ95 ሆኗል፣ ሐኪሙም «ጭንቀት ቀንሺ» ብሎ ሸኝቶሻል። «ጭንቀት እንዴት ነው የሚቀነሰው?» ነው ያልሽው። ባንክ እንደምትሠሪ ጽፈሻል። እኔም የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ ምን እንደሚመስል አንቺ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ስለ አትክልትና ስለ ውኃ ሌሎች ይንገሩሽ። እኔ ያየሁትን ልንገርሽ።

አንደኛ፣ ጭንቀት ነው ከመባሉ በፊት ልብሽ ይታይ። ኢሲጂ (የልብ ምት ንባብ) ተነሥተሻል? ደም ማነስም፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባትም ልብን ያስደልቃሉ። ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ። ማንም ሳይመረምርሽ «ጭንቀት ነው» ቢልሽ አትቀበዪ።

እንዲህ አጥብቄ የምናገረው በእኔ ስለደረሰ ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት የግል ክሊኒክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፣ ሊፍት የለውም። ካርድ ክፍል ቆሜ ከተጨቃጨቅሁ በኋላ ገና ትንፋሼ ሳይመለስ ሲስተሯ መለኪያውን በወፍራም ሹራቤ ላይ ጠቀለለችው። እጄ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። እሷ ስልክ በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ ታወራለች። «ትንሽ ልረፍና ትለኪኛለሽ?» ብላት «ወረፋ አለ፣ አታካብጂ» አለችኝ። ሐኪሙም ቁጥሩን አየ እንጂ እኔን ቀና ብሎ አላየም። ደረቴን እንኳ አላዳመጠም። «የሴት ጭንቀት ነው» ብሎ ዲያዜፓም ጻፈልኝ። ዲያዜፓም የግፊት መድኃኒት አይደለም። ያስተኛል፣ ሲቆይ ደግሞ ሱስ ያስይዛል። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ብር የከፈልኩት!

ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። በወጉ ጠየቀኝ፣ ኢሲጂና ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) አዘዘልኝ። ልቤ ደህና ነበር፤ ግፊቱ ግን የእውነት ግፊት ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት ጀመርኩ፣ እስካሁንም እወስዳለሁ። ጭንቀትም ነበረብኝ፣ ግፊትም ነበረብኝ። አንዱ መኖሩ ሌላውን አያስቀረውም። አንቺም ላይ የምፈራው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፣ ግፊትሽን ቤትሽ ለኪ። በላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰረውን ማሽን ግዢ፤ የእጅ አንጓው ላይ የሚደረገውን ተዪው። ከመለካትሽ በፊት 30 ደቂቃ ቡና አትጠጪ። ሽንትሽን ሽኚ። ወንበር ተደግፈሽ፣ እግርሽን ሳታጣምሪ 5 ደቂቃ ተቀመጪ። ክንድሽ ባዶ ይሁን፣ ጠረጴዛ ላይ ከልብሽ እኩል ይረፍ። አታውሪ። ጠዋት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ፣ ለአንድ ሳምንት ጻፊው። አማካዩ 135 በ85 ከደረሰ ወይም ካለፈ ወረቀቱን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። የተጻፈ ቁጥር ስታቀርቢ ማንም «የሴት ጭንቀት» ብሎ አያልፍሽም። እኔ ሁለተኛው ሐኪም ጋ ወረቀቴን ዘርግቼ ነው የገባሁት። «ሁሉም ታካሚ እንደዚህ ቢያደርግ» ሲለኝ ደስ ብሎኛል፣ አልደብቅሽም።

ሦስተኛ፣ ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ሰው ሲጨነቅ አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥር ይጠባል። ነገሩ ካለፈ ሰውነት ይመለሳል። የእኛ ግን የሚያልፍ አይደለም። አለቃዬ ማታ 4 ሰዓት ላይ በቴሌግራም «ያ ሪፖርት የት ደረሰ?» ይለኝ ነበር። ስልኩ ሲንጫረር ሆዴ ይላወሳል፣ ከዚያ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ዓይኔ አይከደንም። አንድ ቀን ቢሮው ገብቼ «ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ስልኬን እዘጋለሁ፣ ሐኪም አዞኛል» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ሪፖርቱ ግን ጠዋት በሰዓቱ ሲደርሰው ምን ይበል? ለእኔ ከመድኃኒቱ ቀጥሎ የጠቀመኝ ይህ ነው። አንቺም ማን፣ በስንት ሰዓት እንደሚያስጨንቅሽ ለይተሽ እወቂ። «አትጨነቂ» የሚል ምክር ለማንም ሠርቶ አያውቅም።

ከሥራ ስወጣ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ በእግሬ እወጣለሁ፣ ታክሲውን ከዚያ ነው የምይዘው። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይመከራል፤ መንገድ ላይ ከሆነ ሳይታወቅሽ ይሞላል። ከሰዓት በኋላ ማኪያቶ ትቻለሁ። የቤት ቡናን ግን ተዪ አልልሽም። ከጎረቤት ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት ራሱ ያሳርፋል፤ አቦሉን ጠጥተሽ ቶናውንና በረካውን ለሌላው ልቀቂ። በረጅሙ ቀስ ብሎ መተንፈስም ይረዳል፣ በደቂቃ 6 ጊዜ ያህል። እኔ ከጸሎቴ ጋር ነው የማደርገው። አንዳንድ ሰው ጭንቀቱን በጫት ያሳልፋል። ጫት የልብ ምትንም ግፊትንም ከፍ ስለሚያደርግ ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ጭራሽ አይሆንም።

ድንገተኛ ሐዘንም ልብን ያማል። የጃፓን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990 የገለጹት ሕመም አለ፤ በከባድ ድንጋጤ የልብ ጡንቻ ድንገት ይደክማል፣ ልክ ሃርት አታክ (ድንገተኛ የልብ ሕመም) ይመስላል። ይበልጥ የሚያጠቃው ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶችን ነው። አባቶቻችን መርዶ የሚያረዱት ዘመድ አሰባስበው መሆኑ ሁሌ ይገርመኛል። አንቺም መርዶ ካለ እናትሽን በስልክ እንዳታረጂ።

ደረትሽን ሲጫንሽ ሕመሙ ወደ ግራ እጅሽ ወይም ወደ መንጋጋሽ ከሄደ፣ ካላበሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ «ያው ጭንቀቴ ነው» ብለሽ እንዳትተኚ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ቅርብ ሰው ካለ ግን ቶሎ ሆስፒታል ያድርስሽ።

መድኃኒት ካዘዙልሽ ደግሞ ጾም ሲገባ በራስሽ አታቋርጪ። እኔ ለሐኪሙ እስከ 9 ሰዓት እንደምጾም ነግሬው ሰዓቱን ወደ ማታ አዛወረልኝ። የንስሐ አባቴንም አማክሬያለሁ፣ «ልጄ፣ መድኃኒትሽን ውሰጂ» ነው ያሉኝ። ኢሲጂውን በዚህ ሳምንት ተነሺና ውጤቱን እዚሁ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።