ስለ ፌዝ ጠይቁኝ፦ ከመብራት መስመር እስከ ኒውትሮን

ጥያቄዎቻችሁን እንደደረሱኝ ቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

ፌዝ ባጭሩ ምንድን ነው?

የሚወዛወዝ ነገር ከዑደቱ የት እንደደረሰ የሚናገር ማዕዘን ነው። ዥዋዥዌ መሃል ላይ ሲያልፍ ፎቶ ብታነሳው፣ ወደፊት ይሂድ ወደኋላ አታውቅም። ፌዙ ግን ይነግርሃል። ሙሉ ዑደት 360 ዲግሪ ነው።

የእንጨት ሥራ ቤታችን ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር መብራት) ገብቶለታል። እያንዳንዱ መስመር 220 ቮልት ከሆነ በሁለቱ መካከል ለምን 380 ሆነ? 440 አይደል እንዴ?

ጥሩ ጠየቅሽ። 220 የሚባለው ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ጋር ሲለካ ነው። ሁለቱ መስመሮች እኩል ከፍ፣ እኩል ዝቅ ቢሉ ኖሮ በመካከላቸው የምታነቢው ዜሮ ነበር። አንዱ ጫፍ ሲወጣ ሌላው ታች ቢወርድ ደግሞ 440 ይሆን ነበር። እነሱ ግን የሚለያዩት በ120 ዲግሪ ነው። ሲሰላ 220 በ1.73 ይባዛል፤ 380 ገደማ ይመጣል። (ለማረጋገጥ ብለሽ ሳጥኑን እንዳትከፍቺ!)

በኳንተም (በጥቃቅን ቅንጣቶች ፊዚክስ) ፕሮባብሊቲ (ቅንጣቱ አንድ ቦታ የመገኘት ዕድሉ) የሚገኘው የዌቭ ፈንክሽኑ (ቅንጣቱን የሚገልጸው ሒሳብ) መጠን ስኩዌር ሲደረግ (በራሱ ሲባዛ) ነው። ያኔ ፌዙ ይጠፋል። ታዲያ ምን ይሠራል?

ቅንጣቱ የሚሄድበት መንገድ አንድ ብቻ ከሆነ ምንም። ዌቭ ፈንክሽኑን በሙሉ በእኩል ፌዝ ብታዞረው የትኛውም መሣሪያ አያውቅብህም።

ሁለት መንገድ ሲኖር ግን ጉዱ ይፈላል። ኤሌክትሮን በሁለት ስንጥቆች ማለፍ ከቻለ፣ መጀመሪያ የሁለቱ መንገዶች አምፕሊቲዩድ (የዌቭ ፈንክሽኑ ዋጋ፣ ከነፌዙ) ይደመራል። ስኩዌር የሚደረገው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱም 1 ናቸው እንበል። ፌዛቸው ከገጠመ ድምሩ 2፣ ስኩዌሩ 4 ነው። ፌዛቸው ከተቃረነ ዜሮ ነው፤ እዚያ ቦታ ኤሌክትሮን ድርሽ አይልም። ቀድመህ ስኩዌር አድርገህ ብትደምር ግን የትም ቦታ 2 ነው የምታገኘው፤ ብሩህና ጨለማ መስመር የሚባል ነገር አይኖርም።

ኒውትሮን (በአቶም እምብርት ውስጥ ያለው ቅንጣት) አንድ ዙር ዞሮም እንደነበረ አይሆንም የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ስፒኑ (ሽክርክሪት የሚመስል የራሱ ባሕርይ) 360 ዲግሪ ሲዞር ዌቭ ፈንክሽኑ በኔጌቲቭ 1 ይባዛል። እንደነበረ ለመሆን 720 ይፈልጋል። ይሄ ምልክት ለብቻው አይታይም። በ1975 እ.ኤ.አ. ግን ተመራማሪዎች ኒውትሮኑን በሲሊከን ክሪስታል ሁለት መንገድ አስያዙት። ስፒኑን የሚያዞረውን ማግኔቲክ ፊልድ ያደረጉት አንዱ መንገድ ላይ ብቻ ነው። መንገዶቹ ሲገናኙ፣ ብዙ ኒውትሮን ይቆጠርበት በነበረው በኩል 360 ላይ ቁጥሩ ወረደ። 720 ላይ ተመለሰ።

ታዲያ የመብራቱና የኳንተሙ ፌዝ አንድ ነው?

ሒሳቡ ይመሳሰላል። ግን የመብራቱን ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ ሲል በኦሲሎስኮፕ (ቮልቴጅን በስክሪን ላይ በሚስል መሣሪያ) ታየዋለህ። ዌቭ ፈንክሽኑ ኮምፕሌክስ ቁጥር (መጠንም ማዕዘንም ያለው ቁጥር) ነው፤ ሲዞር እንዲህ የሚያሳይህ መሣሪያ የለም።