ቫይታሚን ናት ብለው ሲያመጡላችሁ

ልጆቼ፣ ነጭ ጋዋን ገና ያጠለቃችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ነርሶችና ፋርማሲስቶች፤ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን እናንተም ዘንድ መምጣቱ አይቀርም። የጎረቤት እናት ካንሰር ታማለች። ልጇ ከውጭ ካለ ዘመድ ሰምቶ፣ በስልኩ ቪዲዮ አይቶ፣ አምፑሎቹን በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣል። «ቫይታሚን ሲ ናት፤ ብትጠቅም እንጂ አትጎዳም። ቤት መጥታችሁ በግሉኮስ ስቀሉልን» ይላል። እሺም እንቢም ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁት፦ ስንት ግራም?

ነገሩ ሁሉ ያለው መልሱ ላይ ነው። መደርደሪያ ላይ የምትታወቀው ትንሿ አምፑል 500 ሚሊግራም ናት። በካንሰር ጥናቶች የተሞከረው መጠን ግን በአንድ ጊዜ 75 ግራም ወይም በኪሎ 1.5 ግራም ነው። 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 90 ግራም ይመጣል፤ በትንሿ አምፑል ሲቆጠር 180 ፍሬ። ሁለት አምፑል ግሉኮስ ውስጥ ጨምሮ «የካንሰር ሕክምና ነው» ብሎ የሚያስከፍል ሰው ከጥናቱ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው። 180ውን አምፑል ሳሎን ቁጭ ብሎ የሚሰብር ደግሞ የብርጭቆ ስብርባሪና ጀርም አብሮ ይቀዳል፤ ያውም ኪሞ (የካንሰር መድኃኒቱ) ነጭ የደም ሴሏን ላወረደባት ሴት። 75 ግራም ማለት ወደ 1,000 ብርቱካን ገደማ ነው። በዚህ መጠን የሚሰጥ ነገር ቫይታሚን መባሉ ቀርቶ መድኃኒት ሆኗል፤ እንደ መድኃኒትም መመዘን አለበት።

ለምን በደም ስር? አንጀት የሚያሳልፈው ልክ ስላለው ነው። በ2004 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በአፍ የቱንም ያህል ቢዋጥ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከ220 ማይክሮሞል በሊትር ብዙም አያልፍም፤ በደም ስር ሲሰጥ ግን በብዙ አሥር እጥፍ ይወጣል። የድሮውን ክርክር የሚፈታውም ይኸው ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ላይነስ ፖውሊንግና ስኮትላንዳዊው ሐኪም ኢዋን ካሜሮን በ1976 ሕሙማን በቫይታሚን ሲ ዕድሜያቸው ረዘመ ብለው ጻፉ፤ ሲጀምሩ የሰጡት በደም ስር ነበር። የአሜሪካው ሆስፒታል ሜዮ ክሊኒክ በ1979ና በ1985 በአፍ ሰጥቶ ጥቅም አላገኘም። ሁለቱ ወገኖች የተከራከሩት በተለያየ መድኃኒት ላይ ነበር ማለት ይቻላል። የእነ ካሜሮንም ንጽጽር ቀድሞ ከታከሙ ሰዎች የቆዩ ካርዶች ጋር ስለነበር ሚዛኑ ከመጀመሪያው የተዛባ ነው።

ይህ ሁሉ መጠን በሴሎች ዙሪያ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈጥራል፤ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የካንሰር ሴል ይገድላል። ሰው ግን ሳህን አይደለም። በ2022 በቻይና በ442 የተሰራጨ የአንጀት ካንሰር ሕሙማን ላይ የወጣው ውጤት፣ ቫይታሚን ሲ ከኪሞ ጋር መጨመሩ በሽታው ሳይባባስ የሚቆይበትን ጊዜ እንዳላራዘመ አሳየ። በ2024 ደግሞ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ 34 የተሰራጨ የቆሽት ካንሰር ሕሙማንን አጥንቶ፣ ኪሞ ብቻ የወሰዱት በሚዲያን (በመካከለኛው ቁጥር) 8.3 ወር፣ በሳምንት ሦስቴ 75 ግራም የተጨመረላቸው 16 ወር እንደኖሩ አሳተመ። ደስ የሚል ቁጥር ነው፤ 34 ሰው ግን ጥቂት ነው። ደግሞም ልብ በሉ፣ ቫይታሚኑን ያገኙት ሁሉ ኪሞውንም ወስደዋል። ኪሞ ትቶ በእሱ ብቻ ይድናል የሚል ማስረጃ የለም።

አሁን ወደ ጉዳቱ። የመጀመሪያው ቀይ የደም ሴልን ከጉዳት የሚጠብቀው፣ ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም ነው። ለሐርቡና ለከሚሴ ቆላ ወባ ታማሚ ፕሪማኩዊን ያደላችሁ ስሙን ታውቁታላችሁ። ወሎ ደግሞ ባቄላ አብቃይ ነው፤ ከዘመድ መካከል እሸት ባቄላ በልቶ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ የጠቆረ ልጅ ካለ ጠይቁ። ኢንዛይሙ የጎደለው ሰው በከፍተኛ መጠን ቫይታሚን ሲ ቀይ የደም ሴሉ ሊፈርስና ሊሞት ይችላል። ዘመድ መጠየቅ ግን ምርመራውን አይተካም። ምርመራውም ወጥመድ አለው፦ ታማሚዋ በቅርቡ ደም ከተሰጣት የሚለካው የለጋሹ ኢንዛይም ስለሚሆን ውጤቱ በሐሰት ደህና ይመጣል። የካንሰር ታማሚ ደግሞ ደም ይሰጠዋል። ስለዚህ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ቀኑንም አንብቡ። ደም ደጋግሞ የተሰጠው ሰው ብረትም ሊከማችበት ይችላል፤ ይህም ሌላ መከልከያ ነው።

ኩላሊት ላይ ቆም በሉ። ቫይታሚን ሲ ሲፈርስ ኦክሳሌት ይሆናል፤ ኦክሳሌት ከካልሲየም ጋር ኩላሊት ውስጥ ጠጥሮ ይዘጋዋል። በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚበዛው የማኅፀን በር ካንሰር ሲገፋ የሽንት ቱቦዎችን ይጫናል፤ ኩላሊቷም ድምፅ ሳያሰማ ይደክማል። «ሽንቷ ደህና ነው» የሚለውን የቤተሰብ ቃል አትመኑ፤ ክሬያቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) ይሠራ፣ ቢቻል አልትራሳውንድም ይታይ። ያስመለሳትና ውሃ ያነሳት፣ በተለይ በኮምቦልቻ ሙቀት፣ አደጋዋ ይጨምራል።

ከዚያ ጨው። የመርፌው አሲድነት በሶዲየም ስለሚመጣጠን 75 ግራሙ ወደ 10 ግራም የሚጠጋ ሶዲየም ይዞ ይገባል፤ በወጥ ጨው ሲሰላ 25 ግራም ገደማ፣ ማለትም የዓለም ጤና ድርጅት ለአምስት ቀን የሚፈቅደው። እግሯ ያበጠ፣ ልቧ የደከመ ሴት ይህን አትችልም። በኖርማል ሳላይን (ጨው ባለበት የደም ስር ፈሳሽ) ላይ መጨመር ጨው በጨው ነው። ለዚህ ነው ትልቁ መጠን በስቴራይል ውሃ የሚበጠበጠው፤ እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያስበው ስህተት አለ። 15 ግራም በአንድ ሊትር ስቴራይል ውሃ ቢበጠበጥ ድብልቁ ከደም የቀጠነ ይሆንና ራሱ ውሃው ቀይ ሴል ሊያፈነዳ ይችላል። በ250 ሚሊ ሊትር ሲሆን ደግሞ ከደም ይወፍራል፣ ደም ስር ያቃጥላል፣ ግን ሴል አያፈርስም። ስሌቱ የሆስፒታል ፋርማሲስት ሥራ ነው፤ ሳሎን ውስጥ በግምት አይሠራም። ፍጥነቱም በደቂቃ ግማሽ ግራም አካባቢ ሆኖ ከአንድ ግራም አያልፍም፤ 75 ግራም በግማሽ ግራም ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከትንሽ ጀምሮ በየቀጠሮው ከፍ ይደረጋል። ውሃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናትና የክንድ ማቃጠል ይጠበቃሉ። ወደ ቡናማ ያደላ መድኃኒት ኦክሲጅን በልቶታል፤ ጣሉት።

ማይሎማ የሚባለው የደም ካንሰር ላለበትና ለእሱ የሚሰጠውን ቦርቴዞሚብ ለሚወስድ ደግሞ በክኒንም ቢሆን አይሰጥም፤ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል።

ቤተሰቡን አትቆጡ። ዱዓውንም ጠበሉንም ይዘው የመጡት ጨንቋቸው ነው። የምትሏቸው ይህን ነው፦ ኪሞው አይቋረጥ፣ ቀጠሮው አይለፍ፣ ቫይታሚኑን ለሚከታተላት የካንሰር ሐኪም ሳትደብቁ ንገሩ፤ ሐኪሙ በጽሑፍ ካዘዘና ምርመራዎቹ ካለፉ ሆስፒታል ውስጥ ይሰጣል። ቤት ውስጥ እኛ አንሰቅልም።

ሌላ ቦታ ተሰቅሎላት ከመጣች ደግሞ መጀመሪያ ሰዓቱን ጠይቁ። ከፍተኛ መጠን ቫይታሚን ሲ ብዙዎቹን የጣት ስኳር መለኪያዎች ያሳስታል፤ ደሙ ውስጥ ያለውን ቫይታሚን እንደ ስኳር ቆጥረው ለብዙ ሰዓታት በጣም ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያሉ። ያንን አምኖ ኢንሱሊን የወጋ ሰው ስኳሯን ወደ መሬት ያወርደዋል፤ መለኪያው ግን አሁንም ከፍ ያለ ቁጥር ያሳየዋል። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ስትጽፉላት 400 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚቀበላት ተረኛ ይህን አያውቅም። በካርዱ ራስጌ ላይ በጉልህ ጻፉለት፦ ስንት ግራም፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፤ ከሥሩም «የጣት ስኳር አይታመን፣ ደም ወደ ላቦራቶሪ ይላክ»።