ባቡሩ ውስጥ ከፍርሃቴ ጋር

ስልክ ሲጠራ ልባችሁ የሚደልቅ፣ በሰው ቋንቋ እንዳልሳሳት ብላችሁ ስብሰባ ላይ ዝም የምትሉ፣ ይህቺ ምክር ለእናንተ ናት።

የኔው ጭንቀት የምድር ውስጥ ባቡር ነበር። ከአገር በወጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ባቡር ውስጥ ድንገት ትንፋሽ አጠረኝ። የምሞት መሰለኝ። ሐኪም መርምሮ ልብህ ጤነኛ ነው አለኝ። እኔ ግን ባቡሩን ተውኩት። ቆይቶ አውቶቡሱም ያስፈራኝ ጀመር። ሽሽት እንዲህ ነው፤ ለጊዜው ያሳርፋል፣ ፍርሃቱን ግን ያደልበዋል። አእምሮ «የተረፍኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይይዛላ።

ቴራፒስቷ ጋ ስሄድ ጭንቀቱን የምትነቅልልኝ መስሎኝ ነበር። እሷ እቴ! «ፍርሃቱ ሳይለቅህ አብረኸው ለመቀመጥ ፈቃደኝነትህ ከ10 ስንት ነው?» አለችኝ። ዘዴው አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ስቲቨን ሄይስ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ካዳበሩት አክሰፕታንስ ኤንድ ኮሚትመንት ቴራፒ (ስሜትን መቀበልና ለሚፈልጉት ነገር መቁረጥ ላይ የቆመ የሥነ ልቦና ሕክምና) የመጣ ነው። መቀበል ማለት ስሜቱን መውደድ አይደለም። ላባርርህ ብሎ አለመታገል ነው። እስቲ ስለ ነጭ ድብ አታስቡ። አያችሁ? መጣ።

መጀመሪያ እዚያው ቢሮዋ በቀጭን ስትሮ አስተነፈሰችኝ፣ ወንበር ላይ አሽከረከረችኝ። ያስቃል። ግን ማዞሩና የትንፋሽ ማጠሩ እንደማይገድሉኝ የገባኝ ያኔ ነው። (የልብ ሕመም ወይም አስም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችም፣ ይህን ያለ ሐኪም አትሞክሩት።) ቀጥሎ አንድ ፌርማታ፣ ከዚያ ሦስት። ደስ ብሎኝ ስነግራት የት እንደቆምኩ ጠየቀችኝ። በሩ ሥር። ውሃ በእጄ፣ ሙዚቃ በጆሮዬ። «ባቡሩ ላይ ወጣህ እንጂ ከፍርሃቱ ጋር አልተቀመጥክም» አለች። ቅር አለኝ፤ እውነቷን ነበር። በሚቀጥለው ባዶ እጄን መሃል ገብቼ ተቀመጥኩ። ልቤ ሲደልቅ «እሺ፣ ደልቅ» አልኩት። አሁንም አንዳንዴ ይደልቃል። ልጄን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ግን እሄዳለሁ። ድሮም የፈለግኩት እሱን ነው።

ቴራፒስት ስትፈልጉ «ኤክስፖዠር ትሠራላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚፈሩትን ነገር እንዲህ ደረጃ በደረጃ መጋፈጥ ማለት ነው። ማውራት ብቻ የሚያውቁ አሉ። ከባድ ነገር ያሳለፋችሁ ደግሞ ለብቻችሁ አትጀምሩት። ቋንቋው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በብዙ ቦታ ይሰጣል። ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉ። በልጅ ፊት ማን ፍርሃቱን በሙሉ ያወራል?