አላስካ ለድብ አደን አጭርና ጉልበተኛ ጠመንጃ ስለመምረጥ፦ የጠየቃችሁኝን ልመልስ

ሰላም ወገን። ስለ ድብ አደን ባነሳሁ ቁጥር ብዙዎቻችሁ ስለ ጠመንጃው ነው ምትጠይቁኝ፣ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። ለማታውቁኝ አንኮሬጅ ነው ምኖረው፣ በጸደይና በመኸር ፈቃድ ካላቸው የአደን መሪዎች ጋር ጓዝ ተሸካሚ ሆኜ ኮዲያክ ደሴትና አላስካ ፔኒንሱላ እወጣለሁ። ማወራው ስለ ቡናማው ድብ ነው፣ ኮዲያክ ላይ ትልቁ ወንድ እስከ 680 ኪሎ ይደርሳል። ጥቁር ድብ ከሆነ ነገሩ በጣም ይቀላል። ለጀማሪ፦ 458፣ 375፣ 30-06፣ 45-70 እያልን ምንጠራቸው የጥይት ዓይነቶች (ካሊበር) ስሞች ናቸው። በሉ ጠይቁ።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ወንድሜ የመጀመሪያ አደኔ ነው፣ ሰው ሁሉ ትልቅ ግዛ ይለኛል፣ 458 ዊንቸስተር ማግነም ብገዛስ?

መልስ፦ አትግዛ። ጉልበት አንሶት አይደለም፣ የአሜሪካ ደን አገልግሎት አላስካ ላሉ ሠራተኞቹ ብሎ የተለያዩ ካሊበሮችን በ15 ያርድ ርቀት ሞክሮ በ1983 ባወጣው ጥናት ከላይ ከወጡት አንዱ እሱ ነው፣ 375 ኤች ኤንድ ኤችም አብሮት አለ። ችግሩ ርግጫው ነው። ሰው አንዴ ትከሻውን በደንብ ከተመታ በኋላ ምላጩን ሳይስብ ገና ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይሄን ተኩስ መለማመጃ ቦታ ሁሌ ነው ማየው። ዓይኑን ጨፍኖ በ458 ሆዱን ከሚመታ ሰው ጋር ከምወጣ ዓይኑን ገልጦ በ30-06 ሁለቱንም ሳንባ ከሚበሳ ሰው ጋር ብወጣ እመርጣለሁ። እኔን ካልከኝ 375 ሩገር፣ 20 ኢንች በርሜል፣ ስቴንለስ፣ ሰደፉ ፕላስቲክ የሆነ። በ2007 የወጣ ካሊበር ነው፣ 300 ግሬይን (ግሬይን የክብደት መለኪያ ነው) እርሳስ ይተኩሳል፣ ቀለሁ ከ375 ኤች ኤንድ ኤች አጠር ብሎ ወፈር ያለ ስለሆነ 30-06 በሚገባበት ርዝመት ቦልት (በእጅ ወደኋላ ወደፊት እየሳቡ ማቀባበያ) ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ጠመንጃው ራሱ ያጥራል፣ በአጭር በርሜልም ቢሆን የድሮው 375 ከረጅም በርሜል የሚያወጣውን ፍጥነት አካባቢ ይሰጥሃል።

ጥያቄ፦ ማጠሩ ግን ምን ጥቅም አለው? በርሜል ሲረዝም ፍጥነት አይጨምርም እንዴ?

መልስ፦ ይጨምራል። ግን እዚህ ድብ በ400 ሜትር አይተኮስም፣ ጥሩ መሪ ከ100 ሜትር በታች እስክትጠጋ ያስጎነብስሃል። ያቺ በማጠሩ ያጣሃት ትንሽ ፍጥነት በዛ ርቀት ምንም አትለውጥም። ሁለተኛው ነገር አልደር የሚሉት ቁጥቋጦ አለ፣ ካላያችሁት ማስረዳት ይከብዳል፣ ግንዱ በበረዶ ተጭኖ ወደ ጎን ነው ሚያድገው፣ እርስ በርሱ ተቆላልፎ፣ እየገፋህ ሳይሆን እየዳህክ ነው ምታልፈው። አንድ ደንበኛ 26 ኢንች በርሜል ያለው ጠመንጃ ይዞ መጣ፣ ትከሻው ላይ ሲያንጠለጥለው አፈሙዙ ከራሱ በላይ ይወጣል፣ በየሁለት እርምጃው ቅርንጫፍ ይይዘዋል፣ ወደኋላ ይጎትተዋል፣ ጎንበስ ሲል ደግሞ አፈሙዙ ወደኛ ይዞራል። መሪው በመጨረሻ ጥይቱን አስወጥቶ ጠመንጃውን ለኔ አሸከመው። አሁን የቆሰለ ድብ እዛ ውስጥ ገብቶ ተከትለኸው ስትገባ አስቡት። ድብ በሙሉ ጉልበቱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፣ 50 ሜትሯን ከሦስት ሰከንድ ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ይጨርሳታል ማለት ነው፣ ጠመንጃው ትከሻህ ጋ ሳይደርስ ቅርንጫፍ ከያዘው አለቀ። ከ18 ተኩል እስከ 22 ኢንች በቂ ነው። ከዛ በታች አትውረዱ፣ ድምፁና ብልጭታው ራሱ ያደነዝዛል።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ 45-70 ማርሊን ለምን አልመከርክም? አላስካ ሰው ሁሉ እሱን ነው ሚይዘው ይባላል።

መልስ፦ ጥሩ ጠመንጃ ነው፣ እወደዋለሁም። 45-70 ከ1873 ጀምሮ ያለ ጥይት ነው፣ ማርሊን የሚባለው ጠመንጃ ፋብሪካ በ1998 ጋይድ ገን ብሎ 18 ተኩል ኢንች በርሜል ያለውን ሲያወጣ እዚህ አገር በጣም ተወደደ፣ ማርሊንን በ2020 ሩገር የሚባለው ሌላ ጠመንጃ ፋብሪካ ገዝቶት አሁንም ይሠራል። ቀላል ነው፣ በማንሻ ቶሎ ታቀባብላለህ፣ በጎኑ ባለው ቀዳዳ ጥይት ትጨምርበታለህ። ዓሣ ሲያጠምድ ወይ ካምፕ ሲጠብቅ ድብ ከመጣበት ለሚል ሰው ከሱ የተሻለ ብዙ የለም። ለአደን ሲሆን ግን እርሳሱ ዘገምተኛ ስለሆነ ከ150 ሜትር በኋላ ቁልቁል ይወርዳል፣ ድቡ ደግሞ አንዳንዴ ወንዝ ማዶ ይቆምና ከዚህ በላይ መጠጋት አይቻልም። እና ደግሞ ተጠንቀቅ፣ ለዘመናዊ ጠመንጃ ተብሎ በኃይለኛው የተሞላውን 45-70 ጥይት በጥንታዊ 45-70 ጠመንጃ እንዳትተኩስ፣ ይፈነዳብሃል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እኛ ቤት የአያቴ ቤልጅግ አለ። እናንተ ጋ ያሉት ቦልት ጠመንጃዎች ከሱ በምን ይለያሉ?

መልስ፦ ቤልጅግ ከጠራህማ ትክክለኛውን ነገር ነው የጠራኸው። ቤልጅግ ማውዘር ነው፣ ቦልቱ ጎን ላይ ያለችውን ረጅም ጥፍር አይተሃል? ጥይቱ ከካዝናው ሲነሳ ጀምሮ ቂጡን ቆንጥጣ የምትይዘው እሷ ናት። ደንግጠህ ግማሽ ድረስ ገፍተህ መልሰህ ብትስብ እንኳን ጥይቱን ይዛ ትመለሳለች፣ ሁለት ጥይት ተደራርቦ አይጣበቅም። እኔ ለድብ ምመርጣቸው የሩገር ሀውክአይና የዊንቸስተር ሞዴል 70 እቺው ጥፍር አለቻቸው። ርካሾቹ አብዛኞቹ የላቸውም፣ ለአጋዘን ችግር የለውም፣ ለድብ ግን እኔ ሁለተኛዋን ጥይት ነው ማስበው።

ጥያቄ፦ ያለኝ 30-06 ብቻ ነው፣ ሌላ ለመግዛት አቅም የለኝም።

መልስ፦ አትግዛ፣ ገንዘቡን ለጥይትና ለልምምድ አድርገው። 30-06 በትክክለኛ እርሳስ እዚህ ብዙ ድብ ጥሏል፣ ዝቅተኛው ድንበር እሱ ነው በለው። 200 ወይ 220 ግሬይን ያዝ። ዋናው የእርሳሱ ዓይነት ነው፣ ኖዝለር ፓርቲሽን፣ ስዊፍት ኤ ፍሬም፣ ባርነስ ቲ ኤስ ኤክስ፣ ከነዚህ አንዱ ይሁን። የድብ ትከሻ አጥንትና ጡንቻ ወፍራም ነው፣ ከላዩ ደግሞ ስብና ጭቃ የያዘ ፀጉር አለ፣ ለአጋዘን የተሠራ ቶሎ የሚበተን እርሳስ ላይ ላዩን ቆስሎ የሚሄድ ድብ ነው ሚያተርፍልህ፣ ያንን ድብ ፍለጋ ደግሞ ሰው ነው ሚገባው። እባካችሁ ጠመንጃ ላይ 2 ሺ ዶላር አውጥታችሁ ጥይት ላይ አትቆጥቡ።

ጥያቄ፦ ግንባሩን ነው ሚመታው?

መልስ፦ አይደለም። ግንባሩ ወደኋላ ያዘነበለ ነው፣ አንጎሉም ሰው እንደሚያስበው ትልቅ ዒላማ አይደለም፣ ሲራመድ ደግሞ ጭንቅላቱ አይረጋም። ጎኑን ሰጥቶ እስኪቆም ጠብቅ፣ ከፊት እግሩ ጋ ወደ ላይ ይዘህ የሰውነቱን ቁመት ሲሶ ያህል ስትወጣ ልብና ሳንባው እዛ ነው። ከተኮስክ በኋላ አትይ፣ አትፈንድቅ፣ አቀባብልና ድገም፣ እስኪወድቅና መንቀሳቀሱን እስኪያቆም ድገም። ግልገል ያላት እናት አትተኮስም፣ ሕጉም ይከለክላል።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ እህታችሁ ነኝ፣ ቁመቴ አጭር ነው፣ ባለቤቴ 375 አትችዪም ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ቁመትሽ ሳይሆን የሰደፉ ርዝመት ነው ችግሩ። ሱቅ ውስጥ ያለው ሰደፍ ለረጅም ወንድ የተለካ ነው፣ ረዝሞብሽ ከተኮስሽ ክንድሽ ላይ ያርፍና ያሳምምሻል። ጠመንጃ ጠጋኝ ጋ ወስደሽ አስቆርጪው፣ ጎማውን ወፍራም አስደርጊ። ልምምዱን በትንሽ ካሊበር ጀምሪ፣ በ375 ሲሆን በአንድ ቀን ጥቂት ጥይት ብቻ፣ ጆሮሽን ሸፍነሽ፣ ቆመሽ። ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ መተኮስ ርግጫውን ሙሉ በሙሉ ትከሻ ላይ ያሳርፋል፣ ብዙ ሰው እዛ ላይ ነው ሚፈራው። ይሄን ሁሉ አድርገሽ ካልተመቸሽ 30-06 ይዘሽ ነይ፣ ማንም ምንም አይልሽም።

ጥያቄ፦ ስኮፕ (ማነጣጠሪያ መነጽር) ያስፈልጋል?

መልስ፦ አዎ፣ ግን ትንሽ። የማጉያው ታችኛው ቁጥር 1 ወይ 1 ተኩል የሆነ፣ ላይኛው 4 ወይ 5። ቁጥቋጦ ውስጥ ስትገባ ታች አድርገው፣ ትልቅ ካደረግከው ሚታይህ ፀጉር ብቻ ነው።

ጥያቄ (ከዲሲ)፦ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ የአጎቴ ልጅ አንኮሬጅ አለ፣ እሱ ይዞኝ ቢወጣስ?

መልስ፦ ጠመንጃ በግሪን ካርድ መግዛት ትችላለህ። በጉብኝት ወይ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን በፌዴራል ሕግ በመርህ ደረጃ ክልክል ነው፣ የአደን ፈቃድ መያዝ ከልዩ ሁኔታዎቹ አንዱ ነው፣ በዚህ ላይ ጠበቃ ሳታማክሩ እንዳትነኩ። የአጎት ልጅ ግን አይሆንም። የአላስካ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ቡናማ ድብ ለማደን ወይ ፈቃድ ያለው መሪ ወይ 19 ዓመት የሞላው የአላስካ ነዋሪ የቅርብ ዘመድ ያስፈልገዋል፣ ቅርብ ማለት ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ የትዳር ጓደኛ፣ አያት፣ አማች እንዲህ እንዲህ ነው፣ እኛ የአጎት ልጅን ወንድም እንላለን እነሱ ግን አይሉም። መሪ ከሆነ ከ20 ሺ ዶላር በላይ አስብ። 12 ተከታታይ ወር እዚህ ከኖርክ በኋላ ግን ነዋሪ ነህ፣ ያኔ መሪ የለም፣ ታጉም (ለአንድ ድብ የሚከፈልበት ፈቃድ) ርካሽ ነው።

ጥያቄ፦ ሥጋውስ?

መልስ፦ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ አልበላም፣ ሰኮናው ያልተሰነጠቀ የማያመሰኳ እንስሳ ነው፣ ለሙስሊም ወንድሞቻችንም እንደዛው። የሚበላ ሰው ግን በደንብ ያብስለው፣ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይድረስ፣ ትሪኪኔላ የሚባል ትል አለበት፣ የሰሜኑ ዝርያ ደግሞ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ቢሆንም አይሞትም።

ጥያቄ፦ እኔ አዳኝ አይደለሁም፣ በጋ ላይ ሳልመን ለማጥመድ ነው ምመጣው፣ ጠመንጃ ልያዝ?

መልስ፦ የድብ ስፕሬይ ያዝ፣ ድብ ፊት ላይ የሚረጭ በርበሬ ያለበት ቆርቆሮ ነው። አላስካ ላይ ተጠንቶ በ2008 በታተመ ጥናት ቡናማ ድብን 92 በመቶ በሚሆን አጋጣሚ አስቁሟል፣ ጠመንጃ ሳይለማመዱ ይዞ ከመዞር በብዙ ይሻላል። ቀበቶህ ላይ ይሁን፣ ቦርሳ ውስጥ አይደለም። ራስህን ለመከላከል ድብ ብትገድል ቆዳውን ከነጥፍሩና የራስ ቅሉን ገፈህ ለመንግሥት ታስረክባለህ፣ ያንተ አይደለም።

ጥያቄ፦ ዝናቡን እንዴት ትችሉታላችሁ? በርሜሉ ውሃ አይገባበትም?

መልስ፦ ኮዲያክ ላይ ዝናቡ ከጎን ነው ሚመጣው፣ ለዚህ ነው ስቴንለስ ያልኳችሁ፣ እሱም ቢሆን በጨው አየር ይዝጋል፣ ማታ ማታ ድንኳን ውስጥ በዘይት ጨርቅ አብሱት። አፈሙዙ ላይ የኤሌክትሪክ ቴፕ አንድ ዙር ለጥፉ፣ ዝናብም ጭቃም አይገባም። ስትተኩሱ ማንሳት አያስፈልግም፣ እርሳሱ ሳይደርስ ከፊቱ ያለው አየር ራሱ ገፍቶ ይጥለዋል።